«ነገ አምጡ ብለዋል»

በሱዳኗ ገዳሪፍ ልጅ የሚያስተምር ሐበሻ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል፦ «ነገ አምጡ ብለዋል።» የምትመጣው ደግሞ ማታ ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ፣ መብራቱ ከጠፋ፣ የቀኑ ገንዘብ ውሃ በካሮ (በአህያ ጋሪ) ለሚያመጣው ልጅና ለዳቦ ካለቀ በኋላ። ልጁ ሊተኛ ሲል ትዝ ይለዋል። ለጠመኔ ነው፣ ለወንበር ማስጠገኛ ነው፣ ለፈተና ወረቀት ነው፣ ለመምህራን ፈጡር (ቁርስ) ነው። ስንት? «እንጃ፣ ኡስታዛዋ (መምህርቷ) ተናግራለች።» ለመቼ? «ለነገ።» ኧረ ደከመን! ማጣቱን ለምደነዋል፣ ስደቱንም ችለነዋል። የትምህርት ቤቱን ነገር ሁሉ ከልጅ አፍ፣ ያውም ጊዜው ካለፈ በኋላ መስማቱን ግን አልቻልነውም።

ወረቀት ተላከ ሲባል ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነው። በችኮላ የተጻፈ ዐረብኛ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣ ከሱሪ ኪስ ሲወጣ በላብ ርሶ ቀለሙ የተላለፈ። አብዛኞቻችን በዐረብኛ እንግባባለን። ገበያ ላይ ሰሊጥ እናስመዝንበታለን፣ ቡናና ሻይ እንሸጥበታለን፣ ከባለቤቱ ጋር በኪራይ እንከራከርበታለን። ማንበቡ ግን ሌላ ነው። እናም ወረቀቱን የሚያነብልን ያው ወረቀቱ የተላከበት ልጅ ነው። ሽርሽር ካለበት ሁለት ጊዜ ያነበዋል። «ሒሳብ ላይ ደክሟል፣ ወላጅ ይምጣ» የሚል ካለበት ይዘለዋል፤ ልጅ ነውና አይፈረድበትም። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። እናቱ ከሻይ ሥራዋ ምን ይዛ እንደገባች ያየ ልጅ፣ የተጠየቀውን ገንዘብ በሆዱ ይዞ ይተኛል። በማግሥቱ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ካላመጡት ጋር ስሙ ይጠራል፣ ከጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ይህ ነው አንጀታችንን የሚበላው። ሕፃን ልጅ የትምህርት ቤትና የቤት አስተርጓሚ፣ መልእክተኛና የገንዘብ ሐሳብ ተሸካሚ መሆን አልነበረበትም።

የሰዓቱንማ ነገር ተዉት። «ስብሰባ በ8 ሰዓት» ሲባል ለእኛ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት። ስንቷ እናት የሻይ ዕቃዋን ለጎረቤት ዐደራ ሰጥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዚያ ሐሩር ሄዳ የተዘጋ በር አንኳኩታ ተመልሳለች! ሱዳን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሰች ወዲህ ደግሞ የድንበር ከተሞቹ ገላባትና መተማ ፊት ለፊት እየተያዩ የአንድ ሰዓት ልዩነት አላቸው። ከማዶ በቅርብ የመጣ ሰው ስልኩ አንድ ይለዋል፣ ጎረቤቱ ሌላ። ቀኑም ያው ነው። እዚህ የሚታረፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ልጁ ደብተሩን ይዞ ይወጣል፣ እኛ ደግሞ ወደ ቅዳሴ። ጥምቀት ከፈተና ጋር ሲገጥም ፈተናው ይቀድማል። የዒድ ዕረፍት በጨረቃ መታየት ስለሆነ ቀኑ ቀደም ብሎ ባይታወቅ የማንም ጥፋት አይደለም። «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለችም።

ዋትሳፕ መጣና ይገላግለናል ብለን ነበር። የወላጆች ግሩፕ ተከፈተ። ስልኩ ያለው ግን አባት ዘንድ ነው፤ አባት ደግሞ መሽሩዕ (ሰፊው እርሻ) ነው ያለው። በክረምት ለአረም፣ በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያም ለማሽላው ወርዶ ሳምንታት ይቆያል፤ ብዙው ቦታ ኔትወርክ የለም። ሲመለስ መቶ መልእክት ይጠብቀዋል፤ ግማሹ የጁምዓ ሰላምታ፣ ግማሹ የሚፈጥን የድምፅ መልእክት። ቁም ነገሩ ከመካከል ተቀብሯል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አገሩ በአብዛኛው ከስልክና ከኢንተርኔት ሲቋረጥማ እሱም ቀረ፤ እንደገና ሁሉ ነገር በልጅ አፍ ሆነ። ክፍያውም ቢሆን በስልክ የባንክ መተግበሪያ፣ «በባንካክ ላኩ» ነው። መታወቂያ የሌለው ስደተኛ የባንክ ሒሳብ ከየት ያመጣል? በሰው ሒሳብ ለማስላክ ሰው ደጅ ይጠናል፣ ከዚያ ደረሰኙ በማን ስም እንደ ሆነ ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ቀን ከሥራ ይቀራል።

ኸሪፉ (የዝናቡ ወራት) ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። የገዳሪፍ አፈር ማሽላና ሰሊጥ የሚያበቅል ጥቁር መረሬ ነው፤ ዝናብ ሲነካው እግር ይዞ አይለቅም። ልጁ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ሲደርስ «ዛሬ ትምህርት የለም» ይባላል። ሌላ ቀን ደግሞ ዘነበ ብለን ስናስቀረው ትምህርት ተሰጥቶ፣ ፈተና ሁሉ ተፈትነው ይገኛል። ዝናቡን ማንም አያዝዘውም፤ ግን በዝናብ ቀን ምን እንደሚደረግ አንድ ጊዜ ወስኖ በዓመቱ መጀመሪያ መናገር ይቻል ነበር።

ጦርነቱን ስናነሣ ድምፃችን ዝቅ ይላል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ተኩስ ከተከፈተ ወዲህ የሱዳን ልጆች ትምህርት እንደ ተሰባበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ዩኒሴፍ 19 ሚሊዮን ልጆች ከትምህርት ውጭ ናቸው ብሏል። በታኅሣሥ 2016 የዋድ መዳኒ ከተማ በጦርነቱ ስትያዝ፣ በኋላም ከሲንጃ በኩል ሰው ሲጎርፍ፣ የገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆኑ። ልጆቻችን ፊደል የቆጠሩበት ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ድስትና ጀሪካን ተደርድሮ፣ በመስኮቱ ብረት ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አይተናል። እዚህ ላይ ማንም ሐበሻ አፉን አይከፍትም። የኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእኛን ሰው ተቀብሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻም እንደገና ተከፍቶ ተቀብሏል። ቤት የፈረሰበት ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። የምናማርረው ሌላ ነው። ትምህርቱ ተዘጋ ሲሉ ነገሩን፣ ይከፈታል ሲሉ ነገሩን፤ የት ሕንፃ፣ በየትኛው ፈረቃ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ግን የሚነግረን ጠፋ። ልጆቹ ደብተር ይዘው ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሲመላለሱ ሰነበቱ።

መምህራኑንም አንወቅስም። ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ደመወዛቸው ለብዙ ወራት አልተከፈለም፤ ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ. በ2022 ለዚችው ደመወዝ ሥራ አቁመው ነበር። ባዶ ሆዱን ቆሞ የሚያስተምር ሰው ፉልና ዳቦ ቢያዋጡለት ነውር የለውም፣ እናዋጣለን። ግን ስንት እንደተዋጣ፣ ለምን እንደዋለ በወር አንድ ጊዜ ይነገረን። ያልከፈለ ተማሪ ካለም ወላጁ ይጠራ።

የስሙና የወረቀቱ ጉዳይ ከሁሉም ይረዝማል። መዝገቡ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ስም ይፈልጋል። በዐረብኛ ፊደል «ጨ» እና «ጰ» የሉም፤ ጸሐፊው እንደመጣለት ይጽፈዋል። አንደኛ ክፍል ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሦስተኛ ላይ በሌላ፣ በፈተናው ወረቀት ደግሞ በሌላ። ስድስተኛ ሲደርስ አንድ ልጅ በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ይገኛል። ማስተካከያው ከቢሮ ቢሮ ነው፤ «ቡክራ (ነገ) ና» ይሉናል፤ ስንሄድም ሌላ ማስረጃ ይጠየቃል።

«ታዲያ ለምን አገር ቤት አትልኳቸውም?» የሚለን አይጠፋም። የት እንላካቸው? ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል፤ ከመተማ ጎንደር ያለው መንገድ በእገታ የሚያስፈራ ሆኗል፤ የገላባት በርም በነሐሴ 2016 መጨረሻ ተዘግቶ ነበር። ቢደርሱስ? ሱዳን 8 ዓመት የነበረውን መሠረታዊ ትምህርት ወደ 6 መልሳ መካከለኛ ደረጃ ጨምራለች። የእኛም አገር በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያውን ደረጃ 6ኛ ላይ አብቅታ 7ኛና 8ኛን መካከለኛ አድርጋለች። በቁጥር ተቀራርበዋል፤ ልጁ ግን ሒሳቡን በዐረብኛ ቆጥሮ አማርኛ ማንበብ ሳይችል ሲመለስ ወደ ታችኛው ክፍል ይወርዳል። ከማዶም ያው ነው፤ በኢትዮጵያ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ያለፉ የሱዳን ወላጆች ዛሬ፣ እኛ በዐረብኛ ወረቀት እንደምንቸገረው፣ በአማርኛ ወረቀት ሊቸገሩ ይችላሉ። እነሱን ስናስብ የምንጠይቀው ነገር ለሐበሻ ብቻ የሚጠቅም አለመሆኑ ይገባናል።

ልመናችንም ትንሽ ናት። ክፍያ ካለ ከሳምንት በፊት ይነገር፤ መጠኑ በቁጥር፣ ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከሰዓት ተብሎ በበሩ ላይ ይለጠፍ። በወላጆች ኮሚቴ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ አንድ ሰው ይግባ፤ ከእኛ መካከል ዐረብኛ የተማሩ ወጣቶች አሉ፣ ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆኑ አይጠፉም። እኛም በየጓዳችን ከማጉረምረም ተነሥተን በአንድ ቀን፣ በአንድ ላይ ሙዲራዋ (ርዕሰ መምህርቷ) ዘንድ እንሂድ። የሚከፈለውን ይንገሩን፤ ካለን እንከፍላለን፣ ከሌለንም እኛው ቀርበን እንናገራለን። ልጁን ግን በመካከል አያቁሙት።