ጋቢና ሥርዓተ ነጥቡ

ሰው በንግግሩ ይታወቃል ይባላል። ይህ ጥናት ደግሞ ንግግር ያለ ጋቢ ግማሽ መሆኑን ያስረዳል። አጥኚው በአጎቱ ቤት፣ ከአንድ በርጩማ ሳይነሣ፣ ለዓመታት ቡና እየጠጣ መረጃ ሰብስቧል።

አስቀድሞ ትርጓሜ። ነጠላ ስስ ነው። ኩታ ደረብ ይላል። ጋቢ 4 እጥፍ ነው። ቡሉኮ ከዚያም ይከብዳል፤ የለበሰው ሰው ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ለጥናት አይመችም። ጥጡን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል። በጨንቻም ሆነ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ፣ የዶርዜው ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲልክ ይውላል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ ጋቢ በመወርወር የተጀመረ ልብስ ነው። ሸማኔው ማጉን ይወረውራል፤ የቀረው መወርወር የለባሹ ነው።

ጋቢ ለባሾች በ5 ይከፈላሉ።

ሀ. ተከናናቢ፦ ራሱን ሸፍኖ ፊቱን ብቻ ያሳያል። ወይ ታሟል፣ ወይ ትናንት አምሽቷል።

ለ. ተጀቧኝ፦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጎህ ሲቀድ በግቢ በር ላይ ይገኛል። ሰላምታ ቢሰጡት ጋቢው ይነቃነቃል።

ሐ. ደራቢ፦ ከሱፍ ኮቱ በላይ ጣል ያደርጋል። ለቅሶ ሊደርስ እየሄደ ነውና መንገድ ይለቀቅለት።

መ. አደግዳጊ፦ ድሮ በትልቅ ሰው ፊት ልብሱን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ ታጥቆ የሚቆም ነበር። ዛሬ ሥራው ወደ ቢሮ ስለገባ ያለ ጋቢም ይከናወናል።

ሠ. ወርዋሪ፦ ከዚህ በኋላ የምንነጋገረው ስለ እሱ ብቻ ነው። የቀሩት በርዷቸው ነው።

የወርዋሪ ጋቢ ከግራ ትከሻው ይንሸራተታል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ያዩታል። አጥኚውም በጀማሪነቱ ዘመን ለአጎቱ ለጋሼ መርፌ ቁልፍ አቅርቦ ነበር። «ሕፃን ነኝ እንዴ?» አሉ። ኋላ እንደተረዳነው፣ ያልተንሸራተተ ጋቢ አይወረወርም፤ ያልተወረወረ ጋቢ ደግሞ ዓረፍተ ነገር አይዘጋም። ምልክቶቹ እነሆ።

ሁለት ነጥብ፦ በየቃሉ መካከል ትከሻን ነቅነቅ ማድረግ። የሚያውቁበት እጅግ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ከሕትመት የጠፋውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ነጠላ ሰረዝ፦ ጫፉን በ2 ጣት አንሥቶ እዚያው መመለስ። «አልጨረስኩም» ማለት ነው። በዚህ መሐል የተናገረ ልጅ ውኃ እንዲያመጣ ይላካል።

ድርብ ሰረዝ፦ ሁለቱንም ጫፍ ገልጦ መልሶ መክደን። ወሬው ወደ ጃንሆይ ዘመን ሊሻገር ነው፤ ቡና ይጨመር።

ጥያቄ ምልክት፦ ጫፉን አፍ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ማየት። የሽንኩርት ዋጋ ሲነገር ይታያል።

አራት ነጥብ፦ 4 እጥፍ ልብስ በ4 ነጥብ መጨረሱ ያለ ነገር አይደለም። ቀኝ እጅ ጫፉን ከጉልበት ላይ ያነሣል። ክንድ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። ጋቢው አየር ላይ ሰፋ ብሎ በግራ ትከሻ ያልፍና ጀርባ ላይ «ዷ!» ይላል። ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም። ጋሼ በዚህ ምልክት የልጆቻቸውን ትምህርት ወስነዋል፣ አንድ ጋብቻ አጽድቀዋል፣ ከረከቦቱም ላይ 3 ስኒ አውርደዋል። ስኒው ሲሰበርም ነጥቡ አልተሰረዘም። ባለቤታቸው እትዬ ስባሪውን እየለቀሙ «ጨረሱ?» ይላሉ። ጨርሰዋል።

ግኝቱ የተረጋገጠው ባለፈው ነሐሴ፣ ማንም ሳያስበው በተደረገ ሙከራ ነው። ሰኞ ጠዋት እትዬ ጋቢውን አጠቡት። በነሐሴ ጋቢ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ጋሼ ሹራብ ለበሱ። ማታ የጎረቤት አጥር ነገር ተነሣ፦ ይፍረስ ወይስ ይቆይ? ጋሼ አጀማመራቸው ያማረ ነበር። ከአያታቸው ርስት ተነሥተው፣ በቀበሌ አድርገው፣ «ስለዚህ ይህ አጥር...» ላይ ደረሱ። ቀኝ እጃቸው ተነሣ። ደረታቸው ላይ ፈለገ። አጣ። ጆሯቸውን አክከው ተቀመጡ። እትዬ «ይፍረስ» አሉ፤ ይፍረስ ተባለ።

ማክሰኞ የዕድሩ ጉዳይ እንዲሁ አመለጣቸው። ረቡዕ ምንም አልተናገሩም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሲያዩ ዋሉ። አንድ ጊዜም ተነሥተው ጫፉን ጨመቅ አድርገው፣ እጃቸውን በሹራቡ ጠርገው ተመለሱ።

አጥኚ ገለልተኛ መሆን እንዳለበት አጥኚው ያውቃል። ሐሙስ ጠዋት መብራት ሲመጣ ጋቢውን ከገመድ አወረደና በካውያ ይተኩሰው ጀመር። ገና እርጥበት ነበረው። ጋሼ ግን አልጠበቁም፤ ከእጁ ተቀብለው ለበሱት፣ ተመቻችተው ተቀመጡ፣ የሰኞውንም ዓረፍተ ነገር ካቆሙበት ቀጠሉ።

«...ይህ አጥር አይነካም!»

ጫፉ ተነሣ። እርጥብ ጋቢ ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ አራት ነጥብ ሰምተን አናውቅም።

እትዬ ስኒዎቹን ቀድመው አንሥተው ነበር።