የካልባሪ ጣሪያ አልባዎች የትዕግሥት አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ሳይክሎን ሴሮጃ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 2021 ምሽት፣ ከፐርዝ በስተሰሜን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በምዕራብ አውስትራሊያዋ የባሕር ዳር ከተማ በካልባሪ ላይ ያለ ቀጠሮ በመድረሱ፤

ከሕንፃዎቿ 70 በመቶ ያህሉን በመጉዳቱ፤

እንዲህ ያለ ነፋስ እስከዚህ ደቡብ እምብዛም አይወርድም ተብሎ ቤቶቹ በሰሜኑ ጥንካሬ ባለመሠራታቸው፣ ነፋሱም መመሪያውን ሳያነብ በመምጣቱ፤

እኛ ጣሪያችን ያልተነካ የመድን ኩባንያዎች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣
ሀ) "ሸራ" ማለት ለጊዜው የተወጠረ ቋሚ ጣሪያ ነው።
ለ) "በቅርቡ" ማለት ጉዳት ገማቹ ተቀይሮ፣ አዲሱ ፋይሉን እንደገና ከሀ ሲጀምር ነው።

አንቀጽ 2፦ የጉዳት መንስኤ
ሀ) ዝናብ ቤት ከገባ፣ ቀዳዳውን አስቀድሞ የከፈተው ነፋስ መሆኑን ባለቤቱ ያስረዳል።
ለ) ምስማሩ ዝጎ ከተገኘ ጉዳቱ የእርጅና ነው። "ባሕር ዳር የማይዝግ ምን አለ?" የሚል ክርክር ተቀባይነት የለውም።
ሐ) ውሳኔ ሲጠበቅ የሻገተ ግድግዳ አዲስ ጉዳት ስለሆነ፣ አዲስ ማመልከቻና አዲስ ተቀናሽ ይጠየቅበታል።

አንቀጽ 3፦ ጥገና
አስቤስቶስ ያለበትን ፍርስራሽ የሚያነሳው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው። ባለሙያው ከሩቅ ስለሚመጣ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ማደሪያው ጣሪያ የለውም። ጣሪያው የሚሠራው ባለሙያው ሲመጣ ነው።

አንቀጽ 4፦ የጥሬ ገንዘብ ካሳ
መጠበቅ የሰለቸው ገንዘቡን ተቀብሎ መሰናበት ይችላል። ካሳው የሚሰላው ኩባንያው ከግንበኞች ጋር በተዋዋለበት ዋጋ ሲሆን፣ ባለቤቱ የሚከፍለው ግን ግንበኛው በጠራው ዋጋ ነው። ልዩነቱን ትዕግሥት ይሸፍናል።

አንቀጽ 5፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
የፌዴራሉ መንግሥት በጁላይ 2022 የጀመረው የሳይክሎን ጠለፋ መድን ለሴሮጃ አይሠራም። ከዓመት በላይ ተቻኩሎ ለመምጣቱ ተጠያቂው ራሱ ነፋሱ ነው።

አንቀጽ 6፦ የተሻሩ ሕጎች
ከነፋሱ በፊት በማስታወቂያ የተነገረ ማናቸውም ማጽናኛ ተሽሯል።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
አረቦን በዕለቱ ይከፈላል፤ አንድ ቀን መዘግየት ውሉን ያፈርሳል። አዋጁም ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ካሳው የሚከፈልበት ቀን ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።