ሽኝት ስፖርት ነው ወይ? በቄራና አካባቢው የተካሄደ መጠነኛ ጥናት

በእግር መሄድ ከሩጫ እኩል ስፖርት ይባላል ወይስ አይባልም የሚለው ጥያቄ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ይህ ጥናት ክርክሩን ቄራ ላይ ለመቋጨት የተሰናዳ ነው። ወሰኑ በሰሜን ቡልጋሪያና ሜክሲኮ፣ በምሥራቅ ሪቼ፣ በደቡብ ጎተራ፣ በምዕራብ ሳር ቤት ነው። ካዛንቺስ ከወሰኑ ውጭ ብትሆንም በኋላ በሚገለጽ ምክንያት ገብታለች።

በመስኩ የቀደመ ሥራ ብዙ የለም። አበው ጉዳዩን በሁለት ተረትና ምሳሌ ጨርሰውታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለሯጮች የተሰጠ የጥንቃቄ መመሪያ መሆኑ ግልጽ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ደግሞ ለእርምጃ ይመሰክራል። እንቁላሉ በሳምንት ስንት ደቂቃ እንደተራመደና የልብ ምቱ ስንት እንደደረሰ ግን አልተመዘገበም።

ይህን ክፍተት የዓለም ጤና ድርጅት ሞልቶታል። አንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ ከመካከለኛው፣ ሩጫ ከጠንካራው ይመደባል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ሩጫ በሁለት ደቂቃ እርምጃ ይመነዘራል ማለት ነው፤ ይፋዊው ተመን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 33,060 ሯጮችንና 15,945 ተራማጆችን ስድስት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ እኩል ጉልበት እስካወጡ ድረስ እርምጃም እንደ ሩጫ የደም ግፊትን፣ የኮሌስትሮልንና የስኳር በሽታን ሥጋት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ግን ከተጠኚዎቹ መካከል አንድም የቄራ ሰው መኖሩ አልተገለጸም።

በሀገራችን ሩጫን መመርመር ድፍረት ይመስላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያደረገውን ሁሉም ያውቃል። ይሁንና ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ካደገም በኋላ ግራ ክንዱን ደብተር እንዳቀፈ ሰው አጥፎ ዓለምን ሲቀድም፣ የነገሩ መነሻ የትራንስፖርት እጥረት እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የቄራ ነዋሪ ይህን ያውቃል። ሰው ሲሮጥ ሲያይ «ጎበዝ!» ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ምን እንደሚመጣ የሚያየው ለዚህ ነው።

የቄራ ሩጫ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የታክሲ ሩጫ ነው። የውጭ ሊቃውንት ሰው በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሳያስበው ከእርምጃ ወደ ሩጫ ይሸጋገራል ይላሉ። በቄራ ግን ሽግግሩ የሚመጣው ከፍጥነት ሳይሆን ረዳቱ «አንድ ሰው!» ሲል ነው። ሁለተኛው የዝናብ ሩጫ ነው፤ ክረምት ያየ ያውቀዋል።

ሦስተኛው የበሬ ሩጫ ነው። ወደ እርድ ከሚነዱት ሰንጋዎች አንዱ ሐሳቡን ሲቀይር ይካሄዳል። የመነሻ ተኩስ የለውም፤ «ያዘው!» የሚል አንድ ድምፅ ይበቃል። ዕድሜና ጾታ አይለይም፤ ከሐኪም ፈቃድም አይጠየቅበትም። ዓመቱን ሙሉ «ጉልበቴን» ሲሉ የኖሩ እናት ሦስት ደረጃ ባንድ ጊዜ ዘለው ፋርማሲ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። በሬው በበኩሉ ስፖርቱን ከልቡ ይሠራል። እዚህ ሠፈር ለጤናው ብሎ የሚሮጥ እርሱ ብቻ ነው።

(የቄራ አሞሮች ከላይ ሆነው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ይዞራሉ። አይሮጡም፣ አይራመዱም፤ ከብዙዎቻችን በላይ ግን ሥጋ ይበላሉ። አቋማቸው ለብቻው ጥናት ይገባዋል።)

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከምድቡ ወጥቷል። በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ፣ ኃይሌ ራሱ አሸንፎበት፣ ዛሬ በየኅዳሩ መስቀል አደባባይን የሚያጥለቀልቀው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ስሙ ሩጫ ቢሆንም፣ ከፊት ያሉትን ጥቂት አትሌቶች ካነሣን የቀረው ሕዝብ እየጨፈረ፣ ፎቶ እየተነሣ፣ ጓደኛውን እየጠበቀ ይሄዳል። የሀገሪቱ ትልቁ የእግር ጉዞ ይኸው ነው።

የእርምጃን ክፍሎች ሁሉ መዘርዘር አንባቢን ማድከም ስለሚሆን አንዱን በአጭሩ ነክተን ወደ ዋናው፣ ወደ ሽኝት፣ እንሄዳለን። በአጭሩ የምንነካው የሐኪም እርምጃ ነው። «ስኳሩ ከፍ ብሏል፣ ይንቀሳቀሱ» የተባሉ ጋሼ ማለዳ በቱታ ይወጣሉ። ፎጣ አንገታቸው ላይ፣ መፋቂያ አፋቸው ውስጥ ነው። ልጃቸው በስልካቸው ላይ የእርምጃ መቁጠሪያ ጭኖላቸዋል፤ ግቡ 10 ሺህ ነው። ይህ ቁጥር ከሕክምና ምርምር የመጣ አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን ዳግም አሸንፎ፣ እንደ ጨረሰ ሣሩ ላይ እግሩን ሲያፍታታ ያየው የጃፓን ሕዝብ በዚያ ኦሊምፒክ ሰሞን የስፖርት ስሜት አድሮበት ነበርና፣ በሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት አንድ ኩባንያ ማንፖ ኬይ የተባለ የ10 ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ ገበያ ላይ አወጣ። ስለዚህ ጋሼ በየማለዳው የሚከፍሉት ዕዳ ዞሮ ዞሮ የራሳችን ሰው እጅ አለበት።

የጋሼ ጉዞ ከቄራ በቡልጋሪያ አድርጎ መስቀል አደባባይ ይደርሳል፤ ደረጃው ላይ ወጣቶች ሲወጡ ሲወርዱ ትንሽ ይታያል፤ ከዚያ መልስ ነው። ወደ ሠፈር ሲጠጉ፣ በተለይ ሽታው በሚበረታበት ጥግ፣ እርምጃው በራሱ ይፈጥናል። ሠፈሩ የፍጥነት ልምምዱን ያለ አሠልጣኝ፣ በነጻ ይሰጣል። ችግሩ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ጉዞው ሥጋ ቤት ያልቃል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ደህና አድርጎ ቢራመድ 250 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ጮማ ያለበት ግማሽ ኪሎ ቁርጥ ከ700 አያንስም፤ አዋዜው በነጻ ተይዟል። ሂሳቡን ለመዝጋት ጋሼ ሦስት ሰዓት መራመድ አለባቸው፤ ይህም ቄራ ላይ ሦስት ሥጋ ቤት ደጃፍ ማለፍን ይጠይቃል። የሐኪም እርምጃ በሁዳዴ 55 ቀናት ለምን እንደሚቀዘቅዝ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ሽኝት።

ሽኝት እንግዳ «በሉ ልሂድ» ካለበት ቅጽበት አንሥቶ በእርግጥ እስከሄደበት ሰዓት ያለው እንቅስቃሴ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከጉብኝቱ ሊረዝም ይችላል። በማሟሟቂያ ይጀምራል። እንግዳዋ ትነሣለች፤ «ኧረ በረካውን ሳትጠጪ!» ትባላለች፤ ትቀመጣለች። በረካው አልቆ ትነሣለች፤ «ልጁ ሳይመጣ? ሳያይሽ?» ትባላለች፤ ትቀመጣለች። ጂም የሚገቡ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው የሚሠሩት ቁጭ ብድግ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ መሐል ላይ ፈንዲሻ መኖሩ ነው።

ቀጥሎ ጉዞው ራሱ ይመጣል። እስከ በር የሚደረገው ሽኝት አጭርና ቀዝቃዛ ስለሆነ በቅርብ ለተጣሉ ዘመዶች ይቀመጣል። እስከ መታጠፊያ ያለው ለተራ ጎረቤት ነው። ከዚያ እስከ አስፋልት፣ ከአስፋልት እስከ ታክሲ አለ። አንዳንድ ጸሐፍት ሸኚዋ ምን ያህል እንደምትሄድ ከጫማዋ ይታወቃል፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሩቅ አታስብም ይላሉ። ይህ መላምት ውድቅ ሆኗል። በነጠላ ጫማ፣ ነጠላ ደርባ፣ እጇ ላይ የሊጥ ምልክት እያለ፣ ጎተራ ድረስ የሸኘች ሴት አለች።

የጉዞው ቋንቋ የተወሰነ ነው።

«እትዬ፣ ይመለሱ በቃ፣ ብርድ ነው።»

«ኧረ ምን ብርድ አለ! እግሬን ላፍታታው ብዬ ነው እንጂ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ለጥናታችን ወሳኝ ነው። ሸኚዋ በራሷ አንደበት የእንቅስቃሴውን የጤና ዓላማ ገልጻለች። ከዚያ ኻያ ሜትር ሄደው ይቆማሉ። ጉሊት ላይ ያለችው ሴት ሰላም መባል አለባት፤ የጉሊቷ ሴት የእንግዳዋን እናት ታውቃለች፤ እናትየዋ ደኅና ናቸው፤ ቡላው የስንት ነው። እንደገና ኻያ ሜትር። ስልኩ ላይ ያለው መቁጠሪያ ይህን ሁሉ መቆም በዜሮ ይመዘግባል። መሣሪያው ቶኪዮ ላይ የተፈተሸ እንጂ ቄራ ላይ የተፈተሸ አይደለም።

በኦሊምፒክ የእርምጃ ውድድር ሕግ መሠረት ተወዳዳሪ ምንጊዜም ቢያንስ አንድ እግሩ መሬት መንካት አለበት፤ ሁለቱም ከመሬት ሲለቁ ዳኛ ካየ ካርድ ይመዘዛል። ሽኝት ሕጉን በትርፍ ያከብራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም እግሮች መሬት ላይ ናቸው። ባለሙያዎች መካከለኛ እንቅስቃሴን የሚለዩበት ሌላም መንገድ አለ፤ እየሠሩ ማውራት ከተቻለ፣ መዝፈን ግን ካልተቻለ ልኩ ያ ነው ይላሉ። ሯጭ ከሁለት ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም። በሽኝት ላይ ማውራት ይቻላል ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። መዝፈኑን ማንም ሞክሮት አያውቅም፤ ዓይን አፋርነት ይሁን የትንፋሽ ማጠር አልተለየም።

ታክሲው ጋ ሲደረስ የእንቅስቃሴው ጫፍ ይመጣል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቤት ውስጥ ስለ ዘይት ዋጋና ስለ ሰው ሠርግ ሲያወሩ ከቆዩት ሴቶች አንደኛዋ የመጣችበትን ጉዳይ የምታነሣው እዚህ ነው፤ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ፣ አንድ እግሯ ታክሲው ደረጃ ላይ እያለ።

«ለካ ዋናውን ሳልነግርዎት!»

እግሯ ይወርዳል። ታክሲው ይሄዳል። «ይለፈን፣ ሞልቶ ነበር» ይባላል፤ አልሞላም ነበር። የልብ ምት በዚህ ሰዓት ቢለካ ከሩጫ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ብድር፣ ወይም የልጅ ትዳር፣ ወይም ሐኪም የተናገረው ነገር ነውና። ይህን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሲኒ ይዞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ መናገር ከባድ ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ይቀላል። እዚህ ላይ ከጥናቱ ትንሽ ወጥቻለሁ፤ ልመለስ።

ወሬው ሲያልቅ መሽቷል። ስለዚህ የሽኝት ሁሉ አስደናቂው ዓይነት፣ መልስ ሽኝት፣ ይጀምራል። «ብቻዎን እንዴት ይመለሳሉ? ላድርስዎት» ትላለች እንግዳዋ። ቤት ደርሰው «አንቺስ ብቻሽን?» ይባላል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ይህ ማብቂያ የለውም። ሁለት የሚዋደዱ ሴቶች በቂ ጊዜ ካገኙ ማራቶን የማይሞሉበት ሳይንሳዊ ምክንያት አልተገኘም። በተግባር የሚያስቆማቸው ዝናብ፣ ወይም «እማዬ ኧረ ነይ!» የሚል ልጅ ነው።

ካዛንቺስ የሚገባው እዚህ ነው። ለሽኝት ጥናት ከቄራ ይልቅ የበለጸገ ምድብ ነበር፤ በሮቹ የተጠጋጉ፣ መታጠፊያው ብዙ፣ ማታው የረዘመ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ገላን ጉራ ሄዱ። ዛሬ በካዛንቺስ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ፣ ንጣፉ የተስተካከለ፣ የብስክሌቱ መስመር ለብቻው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጥቶ ቢያይ የሚመክረው መንገድ ነው። ሸኚ ግን ከመንገድ በፊት በር ያስፈልገዋል።

የሄዱት ሰዎች አልጠፉም። እሑድ እሑድ ቄራ ያለ ዘመድ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ሩቅ ስለሆነ አቦሉ ላይ ሰዓት ማየት ይጀምራሉ፤ በረካ አይጠብቁም። ከመነሣታቸው በፊት መሽቶ ከተገኘ መልስ ትራንስፖርት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አዲስ ዓይነት ተፈጥሯል፤ ሸኚዋም ተሸኚዋም አብረው ይሮጣሉ። ነጠላው ይንሸራተታል፣ ነጠላ ጫማው ኮብልስቶን ላይ ይመታል፣ የጉሊቷ ሴት በእጅ ምልክት ብቻ ሰላም ትባላለች። በተመኑ መሠረት ጤናው እጥፍ ነው፤ ትንፋሽ ስለማይበቃ ግን ዋናው ጉዳይ አይነሣም። አውቶቡሱ ከተነሣ በኋላ በስልክ ይነገራል፤ አንዷ ቆማ በሰው መሐል ተጣብቃ፣ ሌላዋ አስፋልቱ ዳር ወዲያ ወዲህ እያለች፣ «እሺ… እሺ በቃ… እሺ እትዬ… አይ፣ አንድ ነገር ብቻ…»

ወዲያ ወዲህ ማለቷን መቁጠሪያው ይመዘግበዋል። ከየትኛው ክፍል እንደሚመደብ ግን አልወሰንኩም፤ የቀሩትን ምድቦች፣ የልቅሶ ቤቱንም የዕድር ስብሰባውንም፣ ትቼአቸዋለሁ።