ከቦሌ ወዲያ ያለው መንገድ

ከሲያትል ወይም ከዴንቨር ተነስቶ ሚዛን ተፈሪ (የዛሬው ሚዛን አማን) መግባት ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ፣ ከዚያ ውቅያኖስ ተሻግሮ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ደግሞ መኪና። ቲኬቱ ይርከስ ከተባለ በመሃል ፍራንክፈርት ወይም ኢስታንቡል ይጨመርበታል። በየደረስንበት ቀበቶ ፍቱ፣ ላፕቶፕ አውጡ ነው። እግር ያብጣል፣ ወገብ ይቆረጣል፣ ሰዓቱ ቁርስ ይሁን እራት አይታወቅም።

እኛስ ቋንቋውን ስለምናውቅ እንደምንም እንወጣዋለን። አንጀት የሚበሉት ከቴፒ ተነስተው አራስ ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱት እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው የበረራ ቁጥሩን በትልልቁ ጽፈው የሰጧቸውን ወረቀት እንደ ክታብ አጥብቀው ይይዛሉ። የመሳፈሪያው በር ተቀየረ ተብሎ በእንግሊዝኛ ሲለፈፍ አይሰሙም። የሐበሻ መልክ ያዩበትን ሁሉ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ይላሉ። ሲሄዱም ለልጃቸው የያዙትን የጫካ ማር በእጅ ቦርሳ አድርገው ፍተሻ ላይ ይቀማሉ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አያልፍም ያላቸው ማንም አልነበረማ!

ቦሌ ስንደርስ ቤት የገባን ይመስለናል። ገና ነን። ሻንጣችንን ለቅመን፣ ጉምሩክ አልፈን፣ ጋሪ እየገፋን ወደ አገር ውስጥ በረራ እንሄዳለን። ለባሕር ማዶው በረራ ሁለት ሻንጣ፣ 23፣ 23 ኪሎ ተፈቅዶልን የመጣነው ሰዎች እዚህ ኪሎ በዛ እንባላለን። ቲኬቱ ለየብቻ ከተቆረጠ ክርክር ዋጋ የለውም። ወለሉ ላይ ሻንጣ ከፍቶ የእናትን የደም ግፊት መለኪያ፣ የእህትን ጫማ፣ የሕፃን ልብስ እያወጡ የቱን ልተው ማለት ምን ያህል እንደሚያስመርር ያየው ይፍረድ። የጅማው በረራ ካመለጠን ወይም ደመናው አልገለጥ ካለ አዲስ አበባ አዳሪ ነን።

ለሠርግ ከሆነ ይሁን፣ ቀን ተቆርጦለታል። መርዶ ሲሆን ነው የሚያንገበግበው። በእኛ አገር ሰው ካረፈ ቢበዛ በማግስቱ ይቀበራል። ስልኩ የደረሰው ልጅ ያገኘውን ቲኬት በተጠየቀው ዋጋ ይገዛል፣ ሦስት አውሮፕላን ይቀያይራል፣ ጅማ ይወርዳል። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ «ሚዛን! ሚዛን! አንድ ሰው!» ይላል፤ ገብተው ሲያዩ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እስኪሞላ ይጠበቃል። ከዚያ ሸቤ፣ የጎጀብ ድልድይ፣ ቦንጋ፣ ዋቻ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ጠመዝማዛ መንገድ። ከመሸ ቦንጋ ማደር ነው። ቴፒ የሚሄደው ደግሞ ከሚዛን ወዲያ የሸኮን ጫካ ማቋረጥ አለበት። ሲደርስ ሠልስቱ አልፏል፣ ድንኳኑ ሊነሳ ነው። አባቱን ያልቀበረ ልጅ ምን ተብሎ ይጽናናል?

ይህ አገር አውሮፕላን አይቶ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ይሁን እንል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት ዳኮታ አውሮፕላኖቹ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ፣ ማጂም ጭምር፣ ባልተነጠፈ ሜዳ ላይ ያርፉ ነበር። ያኔ ያልነበረ ሰው፣ ገበያና መሥሪያ ቤት ዛሬ አለ። የበበቃና የቴፒ ቡና እርሻዎች አሉ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አለ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ሚዛን አማንና ቴፒ ከቦንጋና ከተርጫ ጋር መቀመጫ ሆነዋል። መምህሩም፣ ቡና ነጋዴውም፣ ለከፍተኛ ሕክምና አዲስ አበባ የተላከው በሽተኛም በዚያው መንገድ ነው የሚንገላታው። በሽተኛውን ሳስብ የእኛ የባሕር ማዶ ሰዎች ድካም ያንስብኛል።

ሚዛን አማን ላይ የተጀመረው ኤርፖርት ይለቅልን። ሲያልቅም የበረራ ሰዓቱ ማለዳ ቦሌ ከሚገቡት የውጭ በረራዎች ጋር ይገናኝ፤ አዲስ አበባ ሳናድር በዚያው ቀን ከቤተሰባችን እንግባ። ጉዳዩ በእጃችሁ ያለ ኃላፊዎች፣ የምንለምናችሁ ይህንኑ ነው።