ለልጆቹ ስንል

ልጆቹን የሚወድ አባት በተቻለው ሁሉ ከልጆቹ መራቅ አለበት። ይህ የኔ የግል ፍልስፍና አይደለም፤ በርካታ የአዲስ አበባ አባወራ በተግባር ያጸደቀው ነው። ሰዉ ከአራት ኪሎ፣ ከጉለሌ፣ ከመርካቶ ጀርባ ተነሥቶ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ ሲገባ «ለምን ሄድክ?» ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ለልጆቹ ብዬ።» በልማት ተነሥቶ ሳይወድ የሄደው እንኳ ቆይቶ እንደዚሁ ይላል። ለራሱ ብሎ የሄደ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ለራሱ ቢሆንማ እዚያው የቀበሌ ቤቱ ቆጥ ላይ እየተኛ፣ ምሳውን በእግሩ መጥቶ ቤቱ እየበላ ዕድሜውን ይጨርስ ነበር።

እኛም ቤት ጉዳዩ ከተነሣ ቆይቷል። ለባለቤቴ ኮዬ ፈጬ ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሷታል፤ አራተኛ ፎቅ። እሷ «አከራይተነው እዚሁ እንከራይ» ትላለች። እኔ ገብተን እንኑር ባይ ነኝ። ሐሳቤን ማንም ከስሜት የመነጨ ነው እንዳይል ከታሪክ ልጀምር።

ይህች ከተማ ራሷ የተቆረቆረችው ቤት በመቀየር ነው። ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ነበሩ። እንጦጦ ብርድ ነው፤ ለቤተሰብ አይመችም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደዱት፣ እዚያው አጠገብ ቤት ተሠራ፣ ቀስ በቀስም ቤተ መንግሥቱ ወረደ። አዲስ አበባ እንግዲህ ስትጀመር የእንጦጦ ዳርቻ ነበረች ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ ያለው ማገዶ ተመናመነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ በአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ ደረሰና አዲስ አበባ ተረፈች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለት የዳርቻ ቤት አስበው በአንዱ ገብተው ሌላውን ለእመቤታችን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ባለሁለት መኝታ የደረሰው ሰው «ራቀብኝ» ብሎ ሲያማርር መስማት ያሳፍራል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ የኮንዶሚኒየሙ ነገር በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ፤ በ1997 ሕዝቡ ተመዘገበ። በዚያ ዓመት አንድ ወጣት ባል የመጀመሪያ ልጁን ታቅፎ ተመዘገበ እንበል። የኮዬ ፈጬ ዕጣ የወጣው በ2011 ነው። ሲደርሰው የታቀፈው ልጅ የ14 ዓመት ጎረምሳ ሆኗል። ቁልፍ እስኪረከብ፣ ፊኒሺንግ እስኪያልቅ፣ ውሃና መብራት እስኪገባ ልጁ ጅማ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። አባት ለልጁ ሲል ተመዘገበ፣ ለልጁ ሲል ቆጠበ፣ ለልጁ ሲል ገባ፤ የጎደለው ልጁ ብቻ ነው። ይህን መዘግየት የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሦስት መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሲኖር ቤቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ አይቼ ዐዋቂ ያቀደው ነገር መሆኑን ተረድቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥቅም ልግባ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ኮዬ ፈጬ ይኖራል። ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲናገሩት ትንሽ ነው፣ የሚለካው ግን በሰልፍ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል፤ ልጆቹ ተኝተዋል። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ልጆቹ ተኝተዋል። ስለዚህ ይህ ሰው ልጆቹን ተቆጥቶ አያውቅም። እጁን አንሥቶባቸው አያውቅም። «ዝም በሉ፣ ዜና ልስማበት» ብሎ አያውቅም። ስለ ልጆቹ ሲያወራ ዐይኑ እንባ ያቀራል፦ «እንዴት ጨዋ ናቸው መሰለህ! ድምፃቸው እንኳ አይሰማ።» የተኛ ልጅ አባቱን ሲያስቀይም ማን ዐይቷል?

ይህን መሀል ከተማ ከሚኖር አባት ጋር አስተያዩት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቤቱ ከች ይላል። ከዚያስ ምን ይሠራል? የቤት ሥራ ያስረዳል። አንድ አባት ከሥራ መልስ ክፍልፋይ ሲያስረዳ የሚነሣውን ጩኸት ጎረቤት የሆነ ያውቀዋል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ሲደመር ስንት እንደሚሆን አባትም ስለማይዘው ነው የሚጮኸው። ኮዬ ፈጬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክፍልፋይ የሚነሣበት ሰዓት አባት ሳሪስ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከጎማው በላይ ባለው ወንበር ጉልበቱን አገጩ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ቆሟል የምለው መኪናውን ነው።

ባቡር አለ የሚል ይኖራል። ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበሩ፤ አንዱ ጫፉ አያት ነው፣ ሌላው ጫፉ ቃሊቲ። ኮዬ ፈጬ ከሁለቱም የለበትም። አያት የሚኖሩ ወዳጆቻችን ባቡሩ በተመቸ ቀን ልጆቻቸውን ነቅተው ይደርሱባቸዋል። ለእነሱ ከማዘን ሌላ ምን ይደረጋል?

ሰልፉን ደግሞ በባዶ ሜዳ አትሙት። ባልደረባዬ ሰልፉ ላይ ሌላ ቤተሰብ አለው። በየጠዋቱ ከፊቱ የምትቆመው ነርስ፣ ከኋላው የሚቆመው የባንክ ጥበቃ፣ ጋቢና ለመግባት ከተራ አስከባሪው ጋር ሁሌ የሚጨቃጨቁት ጡረተኛ መምህር፣ ሁሉም ይተዋወቃሉ። ዕቁብ ጥለዋል። አንዱ ቢቀር ሌላው ይደውላል። አንድ ጠዋት ነርሷ «ጋሼ፣ ትንሹ ልጅዎ ስንተኛ ወጣ?» አለችው። ስልኩን አውጥቶ ሚስቱ የላከችለትን የካርዱን ፎቶ ፈለገ። እስኪያገኘው እሷ ራሷ መለሰችለት፦ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ሚስቱ ለእሷም ነግራታለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ሲተረት ሰልፍ ገና አልተፈጠረም ነበር።

ልጆቹስ? ትምህርት ቤቱ መሀል ከተማ ነው፤ ጥሩ ትምህርት ቤት አይለወጥም። ስለዚህ ልጆቹ በ12 ሰዓት ሰርቪስ ይጠብቃሉ፤ እናትም ሥራ አላት፣ እሷም ትወጣለች። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ አባት ከተማ ነው፣ እናት ከተማ ናት፣ ልጆች ከተማ ናቸው። ንጹሑን አየር፣ በረንዳውን፣ ፀጥታውን፣ ለልጆቹ የተገዛውን ትልቅ ቴሌቪዥን ይዛ የምትውለው ሠራተኛዋ ናት። ሰፈሩ ለእሷ እጅግ ተስማሚ ነው፤ አንድም ቀን ስታማርር አልተሰማም።

በቀረችው እሑድ አባት ከልጆቹ ጋር ይውላል ብላችሁ እንዳትሰጉ። ዕድሩ የድሮው ሰፈር ነው። ስንት ዓመት የከፈለበትን ዕድር ጥሎ አዲስ መመዝገቢያ ከፍሎ የሚገባ ሰው ቀብሩን የሚያቃልል ነው። ስለዚህ እሑድ በጠዋት ተነሥቶ ጉለሌ ይሄዳል፤ ስብሰባ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ድንኳን ማፍረስ አለ። አክስት «በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ» ብላ የምትመጣበትም ዘመን አልፏል። በኮዬ ፈጬ በኩል የሚያልፍ አክስት የለም። ድሮ ስኳር ተበድረው የልጆቹን ጸጉር እየደባበሱ የሚሄዱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አሁን ልጆቹ ጸጉራቸው እንደተበጠረ ይውላል።

አረንጓዴ ቦታም አለ። በፕላኑ ላይ ዐይቼዋለሁ፤ በእውነት አረንጓዴ ነው። መሬቱ ላይ ሲኬድ ሰው ለፊኒሺንግ ያመጣው አሸዋና ብሎኬት ተከምሮበታል፤ ልጆቹ አሸዋው ላይ ይንሸራተታሉ፣ ባለአሸዋው ይሰድባቸዋል፣ እነሱም አዲስ ቃል ይማራሉ። ከጨለመ በኋላ ጅብ ብቅ ይላል። የመሀል ከተማ ልጅ ጅብን የሚያውቀው በተረት ነው። ባልደረባዬ ሌሊት 11 ሰዓት ሲወጣ አንዳንዴ ከአንዱ ጋር ይተላለፋል፤ ጅቡ ከሥራ ወደ ልጆቹ ሲመለስ፣ እሱ ከልጆቹ ወደ ሥራ ሲሄድ። እስካሁን ተናክሰው አያውቁም።

ሕንፃዎቹን የነደፉት ሰዎች ቤተሰብን አላሰቡም የሚል ሰው ሐሜተኛ ነው። በየብሎኩ መሀል ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤት አስበዋል። ከዚህ በላይ ቤተሰብ ማሰብ ምን አለ? ቤቱ አንዳንድ ቦታ ተከራይቶ ሱቅ ሆነ እንጂ ሐሳቡ አልተከራየም። በጉ አሁን በደረጃ ይወጣል፤ አሳንሰር የለምና አባት ቀንዱን ይዞ ይጎትታል፣ ልጆች ከኋላ ይገፋሉ፣ የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ይመክራል። በጉ መታጠቢያ ቤት ያድራል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ መታጠቢያ ቤቱን የሚፈልገው ሌላ ሰው የለም። አባትና ልጆች በዓመት ሁለት ሦስቴ አንድ ላይ የሚሠሩት ሥራ ይህ ነው፤ ልጆቹም አባታቸው ጠንካራ መሆኑን የሚያዩት እዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ቸኩሎ የሚጸጸት ሰው እንዳይኖርም ታስቦበታል። ዕጣ የደረሰው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላ ቤቱን መሸጥ አይችልም። አምስት ዓመት ለልጅ ረጅም ነው፤ ለአባት ግን ሰልፍ ላይ ሳያውቀው ያልፋል።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ በዝርዝር አስረዳኋት። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «ለልጆቹ ከሆነ ለምን ልጆቹን አንጠይቃቸውም?» አለች። ከአሠራር ውጪ ቢሆንም ተስማማሁ፤ ሁለቱም ራት ላይ ተጠየቁ። ትልቁ «ዋይፋይ አለ?» አለ፤ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ጥያቄ ስለሆነ መዘገብኩት። ትንሿ «አባዬ እዚያም ማታ ማታ ይመጣል?» አለች። የሕፃን ጥያቄ በመሆኑ ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም። ባለቤቴ ሳህኖቹን ማንሣት ጀመረች፤ ስብሰባው በዚሁ ተዘጋ።

ክርክሩ ገና ብዙ በሄደ ነበር፤ ነገር ግን አከራያችን ቡና ጠርተውን ገላገሉን። ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ እንኳ ቁርስ አቅርበው ነው። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ የኛ ሁለት ዓመት ሊሞላ መሆኑን እሳቸው ከኛ በፊት ቆጥረውታል። «እናንተን ጠልቼ አይደለም ልጆቼ» አሉ ስኒውን እየሞሉ፣ «ልጄ ከነቤተሰቧ ከውጭ ልትገባ ነው፤ ለልጅ ሲባል የማይደረግ የለም።» ባለቤቴ ወደኔ ዞረች። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም፤ የክርክሬን ዋና ነጥብ ሴትዮዋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሰውታል።

ቅዳሜ አይሱዙ ይመጣል። ዕቃው ተጠቅልሏል፣ ጀሪካኖቹ ተገዝተዋል፣ ባልደረባዬም ሰልፉ ላይ ከነርሷ ቀጥሎ እንደሚይዝልኝ ቃል ገብቷል። የቀረው ሶፋው ነው፤ በደረጃው እንደማይታጠፍ ስለተነገረን ከውጭ ተጎትቶ በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ይገባል። ጠንካራ ገመድ ያለው አንባቢ ቢያውሰን በእሑድ እንመልሳለን፤ ለዕድር መምጣቴ አይቀርም።