ደረጃውን ይዞ ምሳ የሄደው

ቢሯችን አዲሱ ገበያ ነው፤ ከተማው አልቆ የጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ሽቅብ የሚያቀናበት። ደንበኛችን በዚያ ባለፉ ቁጥር የሰው ቪላ አይተው ይመለሳሉ። ማክሰኞ ለት፣ የቤታቸው ደረጃ ካሳፎርማ ሊሠራ ሁለት ቀን ሲቀረው ገቡና ቡና ሳይቀርብላቸው፣ «ልጆች፣ ይቺን ደረጃ ወደ ቀኝ ገፋ አድርጉልኝማ» አሉ። ገፋ! ሶፋ መስላቸዋለች።

በእርግጥ ያስለመድናቸው እኛው ነን። የቤተ ጊዮርጊስ ጠራቢዎች አንዱን ቋጥኝ ከላይ ወደ ታች ሲፈለፍሉ «ገፋ አድርጉት» ቢባሉ መልሳቸው ይታወቃል። እኛ ግን በማውስ እየጎተትን ስናሳያቸው ኖረናል። በ2000 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው የንድፍ ሶፍትዌራችን ሬቪት ኩራቱ ይኸው ነው፤ ፕላኑን ሲነኩት ሴክሽኑም ኤሌቬሽኑም ራሱ ይስተካከላል። የማይስተካከለው ሰው ነው።

የምንሠራው በአንድ ማዕከላዊ ፋይል ነው። ሁሉም የየራሱን ቅጂ ከፍቶ ይሠራል፤ የሠራውን «ሲንክ» አድርጎ ወደ ጋራው ይመልሳል። አንዱ የያዘውን ሳይለቅ ሌላው አይነካም። ደረጃውን ልገፋ ስል ኮምፒውተሩ እንቢ አለ።

«ደረጃው ማን ጋ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አርክቴክቱ ይዞት ምሳ ሄዷል» አለች ኤሌክትሪካሏ።

ደንበኛችን ብድግ አሉ፦ «የኔን ደረጃ?»

ልጁ ሽሮውን በልቶ ሲመለስ ለቀቀልኝ፤ ገፋሁት። ስትራክቸራሉ እያጉረመረመ የሶሌታውን ክፍት ቦታ ቀየረ፣ ቢሙን አዛወረ። ሳኒተሪው ግን ከዓርብ ጀምሮ ሲንክ አላደረገም፤ በቀኝ በኩል የፍሳሽ ቱቦውን በእርጋታ ሲያወርድ ሰንብቷል። ረቡዕ ማታ ሲንክ ሲያደርግ ቱቦው አዲሱን ደረጃ መሐል ለመሐል ሰንጥቆት አለፈ። ማን ይነሳ ብለን ስንጨቃጨቅ መብራት ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት፣ ዓይናችን ቀልቶ ያስተካከልነውን ፕላን አትሜ ሳይት ወረድኩ። ፎርማኑ እርሳሱን ጆሮው ላይ እንደሰካ ተቀበለኝ። የደረጃው ካሳፎርማ በቀኝ በኩል ቆሞ አልቋል፤ ፌሮ ብቻ ነው የቀረው።

«ማን ነገረህ?»

«ጋሼ ናቸዋ፣ ኢንጂነር። እሑድ ደውለውልኝ ነበር። ለናንተም እነግራቸዋለሁ ብለው ነበር፤ ረሱት እንዴ?»

ማዕከላዊው ፋይል ለካ የእሱ ኖኪያ ኖሯል።