ወደ ዝግታ በጥድፊያ

በጄኔቫና በዙሪክ የሚኖር ሰው፣ ፈረንጁም የእኛው ሐበሻም፣ ሰሞኑን አንድ ታላቅ ጥበብ ላይ ደርሷል፤ ቀስ ማለት። ስሙ «ስሎው ትራቭል»፣ የዝግታ ጉዞ፣ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ፣ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ሲሮጡ ከርሞ፣ ዕረፍት ሲደርስ ከዙሪኩ የክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረሩ 7,800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ማልዲቭስ መግባት፤ እዚያም ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ከ1,200 ገደማ ደሴቶች አንዷ ላይ መውረድ፤ ከዚያ ጫማ አውልቆ ማዝገም። ለሰባት ቀን። በስምንተኛው ቀን በመጡበት ፍጥነት መመለስ። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ፣ እንቁላሉ አስቀድሞ የመሳፈሪያ ካርድ ማውጣት እንዳለበት አልተገለጠላቸውም ነበር። ጉዞውስ ይሁን፣ ሰው በገንዘቡ ያሻውን ያድርግ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ስብከት ነው። ከዚያች ሳምንት በኋላ ትራም ለመያዝ የሚሮጠውን ሠራተኛ ሁሉ «ምን ያጣድፈዋል?» እያለ በሐዘኔታ ያየዋል።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ለእነዚህ ሁለት ከተሞች ይመስላል። ጄኔቫ ከሌማን ሐይቅ፣ ዙሪክም በስሟ ከሚጠራው ሐይቅ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ደሴት ገብቶ ቀስ ብሎ መኖርን ለአውሮፓ ያስወደደው ሰውም የጄኔቫ ልጅ ነው። ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ በ1765 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቢል ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ደሴት ስድስት ሳምንት ያህል ተቀመጠ። ዕፅዋት መረመረ፣ ጀልባ ላይ ተጋድሞ ተንሳፈፈ፤ የበርን መንግሥት «ውጣልን» ባይለው ዕድሜውን እዚያ ቢጨርስ ደስታው ነበር። ጄኔቫም ከ1835 ጀምሮ በስሙ በምትጠራ ትንሽ ደሴት ላይ ሐውልቱን አቁማለታለች፤ ከዋናው ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ምስኪን ሩሶ! ወደ ደሴቱ ሲሄድ እግሩ አንድ ክንድ እንኳ ከመሬት ከፍ አላለም፤ ዛሬ ቢሆን ጀማሪ ይባል ነበር። ዙሪክም ኡፈናው የምትባል 11 ሄክታር ገደማ የሆነች ደሴት በሐይቋ ላይ አለቻት፤ ግዛቷ የሽዊትስ ካንቶን ነው። ንጉሠ ነገሥት ኦቶ ቀዳማዊ በ965 ለአይንዚድልን ገዳም ሰጣት፤ ዛሬም የገዳሙ ናት። ስደተኛው ጀርመናዊ ጸሐፊ ኡልሪክ ፎን ሁተን በ1523 የሞተው እዚያ ነው። ከዙሪክ በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ታስሄዳለች። የገዳም ደሴት ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ አለልን። ወይጦዎችም በደንገል ታንኳ ሲቀዝፉ ኖረዋል፤ ጉዟቸው ስሎው ትራቭል መሆኑን የነገራቸው ግን የለም።

ኡፈናው ታዲያ ምን ጎደላት? ውሃ አላት፣ ወፍ አላት፣ ጸጥታም አላት። የጎደላት ርቀት ብቻ ነው። በአዲሱ ጥበብ መሠረት ዝግታ የሚለካው በተበረረው ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ሁለት ሰዓት የሚያስሄድ ቦታ ለነፍስ ፈውስ አይሆንም። እኔም ለሁለቱ ከተሞች የቱሪዝም ባለሥልጣናት ይህን ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ፤ ኡፈናውን እናርቃት። የጄኔቫው መንገደኛ ባቡር ላይ እንዳይቀመጥ ይከልከልና ዙሪክ በአውሮፕላን ይምጣ፤ ከዚያ ከዙሪኩ ጋር አብሮ ወደ ማልዲቭስ ዋና ከተማ ወደ ማሌ ይብረር፤ ማሌ እንደደረሰ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ይመለስ። ክሎተን ሲያርፍ እግሩ አብጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ ለዝግታ ብቁ ሆኗል ማለት ነው። ከዚያ በባቡርና በትራም ወደ ዙሪክ የመርከብ ወደብ ወደ ቡርክሊፕላትዝ፣ ከቡርክሊፕላትዝ በመርከብ ወደ ኡፈናው ይሂድ። ደሴቲቱ በአንድ ጊዜ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ራቀች! ጥቂት እንከን ግን አለ። መንገደኛው ወደ ተነሳበት የሰዓት ቀጠና ስለሚመለስ እንቅልፉ አይዛባም፤ ለዚህ መርከቡ በር ላይ አንድ ጸሐፊ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደፊት ይግፋለት። ሐይቅ ላይ ሻንጣ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሻንጣውን ሰርቆ ለሁለት ቀን የሚደብቅ ደመወዝተኛ ይቀጠር፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ይቅርታ ጠይቆ ይመልስ። ወደቡ ላይ የአበባ ጉንጉንና ቀዝቃዛ ፎጣ ይዘጋጅ። መነኮሳቱም ከሺህ ዓመት በላይ የያዟት ደሴት «ከዓለም የተነጠለች ምሥጢር» መሆኗ ይነገራቸው፤ ቲኬቱም እንደ ምሥጢርነቷ ሃያ እጥፍ ይወደድ። ሲመለስ ደግሞ «አዝግሟል» የሚል ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ይሰጠው፤ በወረቀቱ ትራም ላይ ቅድሚያ ይገባበታል።

የእነዚህ መንገደኞች የተፈጥሮ ፍቅርም ሊወደስ ይገባዋል። የባሕር ጠለል ከፍታን ጨምሮ የአየር ንብረት ለውጥ ጥናቶችን የሚገመግመው የመንግሥታት ቡድን፣ የአይፒሲሲ፣ ጽሕፈት ቤት ያለው ጄኔቫ ነው። በ2016 ማልዲቭስ ውስጥ ከተመረመሩት ኮራሎች 60 በመቶ ያህሉ በውሃ ሙቀት መንጣታቸውን ያስታወቀው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም መቀመጫው ግላንድ ነው፤ ከጄኔቫ በባቡር ቅርብ። ለተፈጥሮ ወዳጅ ታዲያ ግልጽ ነገር ነው፦ ኮራሉ ሳያልቅ በአውሮፕላን ሄዶ መሰናበት። ጁን 13 ቀን 2021 ስዊዘርላንድ በአውሮፕላን ቲኬት ላይ ከ30 እስከ 120 ፍራንክ ክፍያ የሚጨምረውን የካርበን ሕግ ለሕዝብ ድምፅ አቀረበች። 51.6 በመቶው እምቢ አለ። የጄኔቫና የዙሪክ ካንቶኖች ግን እሺ ብለው ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋነት የት ይገኛል? ቅጡን ብለው ድምፅ ሰጡ፣ ሽዊትስና መሰሎቿ ከቅጣቱ አዳኗቸው፤ እነሱም ንጹሕ ኅሊናና ያልተወደደ ቲኬት ይዘው ቀሩ። በ2023 ደግሞ የኢንዶኔዥያዋ ፓሪ ደሴት አራት ነዋሪዎች ሆልሲም የተባለውን የሲሚንቶ ኩባንያ ዙግ ላይ ከሰሱ፤ የአየር ንብረት ለውጥ ላደረሰብን ጉዳት ድርሻህን ክፈል ነው ክሱ። ፓሪ ጃካርታ ፊት ለፊት ካሉት «ሺህ ደሴቶች» አንዷ ናት፣ ዙግም ለዙሪክ ጎረቤት። የደሴት ሰው ወደ እነሱ የሚመጣው እንዲህ ነው።

«የደሴቱ ሕዝብ የሚበላው ከቱሪስት አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ነው፤ ማልዲቭስ ያለ እንግዳ አትኖርም። ግን በአራት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ በርሮ አንዳንድ ሳምንት የሚያድር ሰውና አንድ ጊዜ ሄዶ አራት ሳምንት የሚቀመጥ ሰው የሚከፍሉት የአዳር ሂሳብ እኩል ነው፤ የሁለተኛው በረራ ግን የመጀመሪያው አንድ አራተኛ ይሆናል። የስዊዝ ሕግ ለሠራተኛ በዓመት ቢያንስ አራት ሳምንት ዕረፍት ይሰጣል። ችግሩ ያን አራት ሳምንት አራት ቦታ ቆራርጦ፣ አንዱን ማልዲቭስ፣ አንዱን ዛንዚባር፣ አንዱን አዞረስ፣ አንዱን ሲሼልስ መበተኑ ነው። «አውሮፕላኑ እኔ ብቀርም ይበራል» ለሚለውም፣ አየር መንገድ መስመር የሚከፍተው ሰው ቆጥሮ ነው፤ አንተም ተቆጥረሃል። እናቱን ሊያይ አዲስ አበባ የሚበርን ሰው ግን እዚህ ውስጥ አላስገባሁትም። እሱ ናፍቆቱን ሊወጣ ነው የሄደው፤ ተመልሶም አዘገምኩ አላለም።

ማልዲቭስ መሄድ ያማረው ይሂድ። ፀሐይ አማረኝ ይበል፣ ባሕር አማረኝ ይበል፣ ደከመኝ ይበል፤ ማንም አይቆጣውም። በአሥር ሰዓት በረራ የተደረሰበትን ሳምንት ዝግታ ብሎ መጥራት ግን ውሸት ነው። ዝግታ ያማረው ካለ፣ የኡፈናው መርከብ የሚነሳው ከቡርክሊፕላትዝ ነው።